ልጅን በአሜሪካ ኮሌጅ በአነስተኛ ወጪ ማስተማር፦ ከ9ኛ ክፍል እስከ ምረቃ

በሜሪላንድ፣ በአትላንታ፣ በሲያትል ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር ወላጅ፣ ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ኮሌጆች በድረ ገጻቸው የለጠፉትን ዓመታዊ ዋጋ ያያል። አንዱ «ይህ ለእኛ ዓይነት ሰው አይደለም» ብሎ የልጁን ወኔ ይሰልባል። ሌላው «ለልጄ ያልሆነ ገንዘብ ለማን ሊሆን ነው?» ብሎ የቀረበለትን ብድር ሁሉ ይፈርማል። ሁለቱም የተለጠፈውን ዋጋ የሚከፈል ዋጋ አድርገው ወስደውታል። በአንድ ክፍል ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አንዱ 4,000፣ ሌላው 40,000 ዶላር ሊከፍሉ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚፈጥሩት የቤተሰቡ ገቢ፣ የሚኖርበት ግዛትና የተሞላው ወረቀት ናቸው።

ብዙ ቤተሰቦች ያላቸውን ጊዜ በሙሉ ድርሰት ተጽፎ በሚገኝ አነስተኛ ሽልማት ፍለጋ ላይ ያፈሳሉ። በእኔ ግምት ትልቁ ገንዘብ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የት እንደሚማሩ በመምረጥና ፋፍሳ የሚባለውን የፌደራል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ በጊዜውና በትክክል በመሙላት ላይ። ለ500 ዶላር ሽልማት ቅዳሜና እሑዱን የሠዋ ልጅ፣ ቅጹ ላይ የእናቱ ስም ስለተዛባ ብዙ ሺህ ዶላር ሲያመልጠው ማየት ያበሳጫል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሂዱበት፤ የልጁ ክፍል ካለፈ ደግሞ ካላችሁበት ጀምሩ።

1. ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል፦ ክሬዲት በነጻ መሰብሰብ

ብዙ ግዛቶች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እዚያው እየተማረ የኮሌጅ ኮርስ እንዲወስድና ክሬዲት፣ ማለትም ለኮሌጅ ምረቃ የሚቆጠር ነጥብ፣ እንዲያገኝ ይፈቅዳሉ፤ ዱዋል ኢንሮልመንት ይባላል። ሚኒሶታ ፒ ኤስ ኢ ኦ በሚል ስም ከ1985 ጀምሮ ታካሂደዋለች። ዋሽንግተን ግዛት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ራኒንግ ስታርት የተባለ መርሐ ግብር አላት። በሜሪላንድ ብሉፕሪንት በመባል የሚታወቀው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ መመዘኛውን ካሟላ ለኮሌጅ ኮርሱ ቤተሰቡ እንዳይከፍል አድርጓል። በሞንጎመሪ ካውንቲ 12ኛ ክፍልን ሲጨርሱ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪም አብረው የሚቀበሉ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ግማሹን መንገድ ተጉዘው ነው።

ይህን ዕድል ለማግኘት በ9ኛ ክፍል መጨረሻ ወይም በ10ኛ ክፍል መጀመሪያ ከትምህርት ቤቱ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ጋር ቀጠሮ ያዙ። ልጁን ብቻ አትላኩት፤ አብራችሁት ሂዱ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አማርኛ ተናጋሪ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ትምህርት ቤቶች ይህን ለምደውታል። የምትጠይቁት ጥያቄ ግልጽ ይሁን፦ «ልጄ የኮሌጅ ኮርስ መውሰድ የሚችለው ከየትኛው ክፍል ጀምሮ ነው? ምን ፈተና ማለፍ አለበት? ኮርሱን የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል?» የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ ዩኒቨርሲቲው የማይቀበለው ክሬዲት ጊዜ ማባከን ነውና። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ልጁ በዚህ ኮርስ የሚያገኘው ውጤት ከኮሌጅ መዝገቡ አይፋቅም፤ በ16 ዓመቱ ያመጣው ኤፍ በ20 ዓመቱም ይከተለዋል። ስለዚህ በአንድ ሴሚስተር ከአንድ ኮርስ መጀመር ይሻላል።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጡት ኤ ፒ የሚባሉ የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶችም የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ጥሩ ከተሠራ ክሬዲት ያስገኛሉ። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ የፈተናው ክፍያ ይቀነሳል፤ ግን ሳይጠየቅ የሚሰጥ የለም።

2. የመኖሪያ ፈቃዳችሁንና ግዛታችሁን ለዩ

የፌደራል ድጋፍ የሚሰጠው ለዜጎች፣ ግሪን ካርድ ላላቸው፣ በስደተኛነት ለገቡና ጥገኝነታቸው ለጸደቀላቸው፣ እንዲሁም ለጥቂት ሌሎች የተለዩ ክፍሎች ነው። በዲቪ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ግሪን ካርዱን እንደያዘ ያመለክታል፤ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት የሚለው ወሬ ከኮሌጅ ድጋፍ ጋር አይገናኝም። እዚህ ላይ የልጁ ፈቃድ እንጂ የወላጅ ፈቃድ አይታይም። ወላጁ ምንም ፈቃድ ባይኖረው እንኳ ዜጋ የሆነው ልጅ መብቱን አያጣም።

ጊዜያዊ ጥበቃ ብቻ ያላቸው ወይም የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነ ልጆች የፌደራሉን ገንዘብ አያገኙም። ነገር ግን አንዳንድ ግዛቶች የራሳቸው በር አላቸው፤ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን፣ ካሊፎርኒያና ሚኒሶታ ፋፍሳን መሙላት ለማይችሉ ተማሪዎች የተለየ ማመልከቻ አዘጋጅተዋል። የካውንስለሩን ቢሮ ስትጎበኙ «የግዛቱን አማራጭ ማመልከቻ» ብላችሁ ጠይቁ።

የመኖሪያ ግዛት ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን በዓመት ከ20,000 ዶላር በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የግዛቱን ነዋሪ በዝቅተኛ ዋጋ፣ ከውጭ የመጣውን በከፍተኛ ዋጋ ያስተምራሉ። ነዋሪ ለመባል አብዛኞቹ የ12 ወር ኑሮ ይጠይቃሉ። የቤት ኪራይ ውል፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የግዛት ግብርና የደመወዝ ወረቀት ማስረጃ ይሆናሉ። ቤተሰብ ከቴክሳስ ወደ ቨርጂኒያ ሊዛወር ካሰበ፣ ዝውውሩን ልጁ 11ኛ ክፍልን ከመጨረሱ በፊት ቢያደርገው የተሻለ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎች ደግሞ ዲሲ ታግ የሚባል መርሐ ግብር አላቸው፤ ልጁ በሌላ ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በነዋሪና በውጭ ሰው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት እስከተወሰነ መጠን ይሸፍናል። ከዲሲ ወደ ሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመሻገራችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

3. በሴፕቴምበር፦ ስምና የልደት ቀን

ፋፍሳን ለመሙላት ተማሪውም ወላጁም በፌደራል የተማሪዎች ድጋፍ ድረ ገጽ ላይ የየራሳቸው አካውንት ያስፈልጋቸዋል። አድራሻው የሚያልቀው በዶት ገቭ ነው፤ በዶት ኮም የሚያልቅና ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ሌላ ሰው ነው። ቅጹ ነጻ ነው።

አካውንት ሲከፈት ስማችሁ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። የእኛ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። አሜሪካኖች የሚጠብቁት የቤተሰብ መጠሪያ ስም ነው፤ በእኛ ልጁ በአባቱ፣ አባት በአያቱ፣ እናት በራሷ አባት ስም ይጠራሉ። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያየ መጠሪያ መኖሩ ችግር የለውም፤ ችግሩ የአንዱ ሰው ስም በተለያየ ሰነድ ላይ ሲለያይ ነው። በፓስፖርት «ወልደማርያም» ተያይዞ፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ «ወልደ» እና «ማርያም» ተለያይቶ፣ በመንጃ ፈቃድ ደግሞ «ማርያም» ብቻ የተጻፈለት አባት አካውንቱ አይከፈትለትም። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይቀየር የገባ ወይም በግምት ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ለቅጹ የሚያስፈልገው እውነተኛው ልደታችሁ ሳይሆን ሶሻል ሴኩሪቲ ዘንድ የተመዘገበው ነው። ስማችሁንም ካርዳችሁን ከፊታችሁ አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል ቅዱት። ስሕተቱ ካርዱ ላይ ከሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዶ ማስተካከል ግድ ነው፤ ያ ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ይህ የሴፕቴምበር ሥራ ነው።

ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅ፣ ኢትዮጵያ ያለ አባትም ቢሆን፣ አካውንት መክፈት ይችላል፤ ማንነትን ለማረጋገጥ ተጨማሪ ጊዜ ስለሚፈጅ ቀድማችሁ ጀምሩ።

ግብር የሚሠራላችሁ ሰው «ልሙላላችሁ» ካለ፣ ቢያንስ አካውንቱን በእሱ ኢሜይልና ስልክ እንዳይከፍተው ተከላከሉ። በሚቀጥለው ዓመት ለመግባት ስትፈልጉ ኮዱ የሚላከው ለእሱ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ስልኩን ቀይሯል ወይም እንደገና ሊያስከፍላችሁ ይፈልጋል።

4. ከኦክቶበር ጀምሮ፦ ፋፍሳን መሙላት

ቅጹ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት ነውና ለማስታወስ አይከብድም። የፌደራሉ የመጨረሻ ቀን ሩቅ ቢሆንም የግዛቶችና የኮሌጆች ቀነ ገደብ በጣም ይቀድማል፤ በማርች መጀመሪያ የሚዘጋም አለ። የአንዳንድ ግዛት ገንዘብ ደግሞ ሲያልቅ አለቀ ነው። ከገና በፊት ጨርሱት።

ሀ) ወላጅ የሚባለው ማን ነው? ለቅጹ ወላጅ ማለት የወለደ ወይም በሕግ በጉዲፈቻ የወሰደ ነው፤ እናት ወይም አባት ካገባ እንጀራ አባትና እንጀራ እናትም ይጨመራሉ። አጎት፣ አክስት፣ አያትና ታላቅ እህት ወላጅ አይደሉም፤ አሥር ዓመት ቢያሳድጉም። «አጎቴ ነው ያሳደገኝ» የሚል ልጅ የአጎቱን ገቢ ከጻፈ ቅጹ ስሕተት ይሆናል፤ ድጋፉም ያንሳል። ትክክለኛው መንገድ ሌላ ነው። ፍርድ ቤት አጎቱን ሕጋዊ አሳዳጊ አድርጎት ከሆነ ልጁ ከወላጅ ነጻ ተማሪ ተብሎ ይቆጠራል። ወላጆቹ በጦርነት ወይም በስደት ከተለያዩትና ሊያገኛቸው ካልቻለ፣ ቅጹ ላይ «የተለየ ሁኔታ አለብኝ» የሚለውን መርጦ በጊዜያዊነት ነጻ ሆኖ ያመለክታል፤ ከዚያ የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ማስረጃ አይቶ ይወስናል። ሕጉ የስደተኛነትና የጥገኝነት ፈቃድ ያገኙ ልጆችን ሁኔታ በስም ይጠቅሳል። ከካውንስለር፣ ከማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ከቄስ ወይም ከኢማም የሚጻፍ ደብዳቤ ይረዳል። ከወላጁ ጋር በስልክ የሚገናኝና ወላጁ አዲስ አበባ በሰላም የሚኖር ልጅ ግን በዚህ በኩል አይገባም፤ የወላጁ ገቢ ወደ ዶላር ተቀይሮ ይጻፋል፤ ብዙውን ጊዜም ውጤቱ ለልጁ የሚጠቅም ነው።

ለ) የትኛው ዓመት ገቢ? ቅጹ የሚያየው ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ነው። በሴፕቴምበር 2027 ኮሌጅ ለሚገባ ልጅ የሚታየው የ2025 ግብር ነው፤ ማለትም ከ10ኛ ክፍል አጋማሽ እስከ 11ኛ ክፍል አጋማሽ ያለው ጊዜ። በዚያ ዓመት ከጡረታ ሒሳብ ገንዘብ አውጥቶ ቤት የገዛ አባት፣ ያወጣው ሁሉ እንደ ገቢ ይቆጠርበታል። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው የማይሉን፣ የነዳጁንና የጥገናውን መዝገብ በትክክል ከያዘ የሚታየው የተጣራ ገቢው ነው። መረጃው ከግብር መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ስለሚመጣ ቁጥር ማስዋብ አይቻልም። ሁሉም ወገን ለዚህ ፈቃዱን መስጠት አለበት፤ አንዱ ወላጅ «አልፈቅድም» ካለ ልጁ የፌደራል ድጋፍ አያገኝም።

ተጋብተው አብረው እየኖሩ በየፊናቸው «የቤተሰብ ኃላፊ» ብለው ግብር የሚያሳውቁ ባልና ሚስት ብዙ ናቸው። በግብሩ በኩል ስሕተት ነው፤ በቅጹ ላይ «ያገባ» ሲሉ ደግሞ ሁለቱ ወረቀቶች ይጋጫሉና ኮሌጁ ገንዘቡን ይዞ ማብራሪያ ይጠይቃል። ግብሩን ቀድሞ ማስተካከል ይሻላል።

ሐ) ንብረት። የምትኖሩበት ቤትና የጡረታ ሒሳባችሁ አይጠየቁም። የቤተሰቡ ገቢ ከ60,000 ዶላር በታች ከሆነና የግብር ወረቀታችሁ ቀላል ከሆነ፣ ወይም ቤታችሁ እንደ ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድ ያለ ድጋፍ ካገኘ ንብረት ጭራሽ አትጠየቁም። ከዚህ ውጭ ከሆናችሁ በባንክ ያለው፣ አክሲዮንና የማትኖሩበት ቤት ይጻፋል፤ አዲስ አበባ ያከራያችሁት ኮንዶሚኒየም ጭምር፣ አሁን ባለው ዋጋ፣ ያለበት ዕዳ ተቀንሶ። «ማን ያያል?» የሚለው ምክር በየቡና ቤቱ ይሰማል። በቅጹ ላይ ሆን ብሎ ሐሰት መጻፍ እስከ 20,000 ዶላር መቀጫና እስር ያስከትላል፤ ለዜግነት ያመለከተ ሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ጣጣ ሊገጥመው ይችላል።

ዕቁብም ይነሳ። ቅጹን በምትፈርሙበት ቀን ዕቁብ ደርሷችሁ 20,000 ዶላር ባንክ ውስጥ ካለ ያ ገንዘብ የእናንተ ነው፤ ገና የምትጥሉት ቀሪ ዙር አይቀነስላችሁም። ሆኖም አትደናገጡ። ከወላጅ ቁጠባ የሚታሰበው ቢበዛ 5.64 በመቶ ስለሆነ 20,000 ዶላር የሚያመጣው ልዩነት ከ1,128 ዶላር አይበልጥም። በልጁ ስም የተቀመጠ ገንዘብ ግን 20 በመቶ ይታሰባል፤ ያው 20,000 ዶላር 4,000 ይሆናል። ስለዚህ ለልጅ የሚቆጥብ ወላጅ በራሱ ስም ይቆጥብ። መክፈል የነበረባችሁን እውነተኛ ዕዳ፣ የመኪናውን ቀሪ ክፍያ ወይም የክሬዲት ካርዱን፣ ቅጹን ከመፈረም በፊት መክፈል ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ ነው።

ቅጹ ሲያልቅ ኤስ ኤ አይ የሚባል፣ የቤተሰቡን የመክፈል አቅም የሚገምት ቁጥር ይወጣል፤ ከዜሮ በታች ወርዶ እስከ −1,500 ሊደርስ ይችላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድጋፉ ይጨምራል። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ ድጋፍ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ወደ 200 የሚጠጉ፣ በአብዛኛው የግል የሆኑ ኮሌጆች ደግሞ ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የተባለ ሁለተኛ ቅጽ ይጠይቃሉ። እሱ የምትኖሩበትን ቤትና የተፋታውን ወላጅ ሳይቀር ይመረምራል፤ ገቢው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነ ቤተሰብ ነጻ ነው።

5. የት ይማር?

እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስሊያ እንዲያስቀምጥ በሕግ ይገደዳል። ገቢያችሁን ስታስገቡ እንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ በእርግጥ ስንት እንደሚከፍል ይገምታል። የማመልከቻውን ዝርዝር ከማዘጋጀታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለዚህ ስጡ። ከዘመድ ምክር ይልቅ እሱን እመኑ።

የእኔ ምርጫ ለብዙኃኑ ቤተሰብ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ከቤት እየተመላለሰ ሁለት ዓመት የሚማር ልጅ የዶርምና የምግብ ወጪ የለበትም፤ ፔል ግራንት ካገኘ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖለት ለመጻሕፍትና ለትራንስፖርት የሚተርፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል፤ ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ብቻ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ «የእገሌ ልጅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቀረ» እየተባለ እንደ ውድቀት መነገሩ ስንት ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ እንደከተተ እግዚአብሔር ይወቀው። ሰርግ ላይ የሚጠራው የዩኒቨርሲቲ ስም የወለድ ክፍያውን አይከፍልም።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚያከስረው ያለ ዕቅድ ሲገባበት ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር የመዛወሪያ ስምምነቱን ይዛችሁ አማካሪ ጋር ቁጭ በሉ። ለምሳሌ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል የጋራ መርሐ ግብር አላቸው፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርለት ያውቃል። በሜሪላንድ ኤሲስ የሚባለው መርሐ ግብር የሞንጎመሪ ካውንቲን ትምህርት ቤቶች፣ ሞንጎመሪ ኮሌጅንና ሼዲ ግሮቭ የሚገኙትን የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሞች ያገናኛል። የሲያትል የመንግሥት ትምህርት ቤት ምሩቅ በሲያትል ፕሮሚስ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ትምህርት ክፍያ ይማራል። ሚኒሶታ ከ2024 መጸው ጀምሮ ገቢው ከ80,000 ዶላር በታች የሆነ ቤተሰብ ልጅ በመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ እንዳይከፍል አድርጋለች። ጆርጂያ ከ1993 ጀምሮ በሆፕ ስኮላርሺፕ ውጤታቸው ጥሩ የሆነ ነዋሪዎችን ትደግፋለች። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚዛወሩ ጎበዞች ደግሞ ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይሰጣል፤ ውድድሩ ከባድ ነው፤ ነገር ግን መሞከር አይከፈልበትም።

ልጁ በትምህርቱ በጣም ከላቀ ነገሩ ይገለበጣል። ሀብታሞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለደሃና ለመካከለኛ ቤተሰብ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይረክሳሉ። ሀርቫርድ ከ2025–26 ጀምሮ ገቢያቸው እስከ 200,000 ዶላር ከሆነ ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያ አይቀበልም፤ እስከ 100,000 ለሆኑት ምግቡንና መኝታውንም ይሸፍናል። ፕሪንስተን እስከ 150,000 ዶላር ገቢ ላላቸው አብዛኞቹ ቤተሰቦች ሙሉ ወጪውን ይችላል። ኤም አይ ቲም ገቢያቸው ከ200,000 በታች ከሆነ ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ክዌስትብሪጅ የሚባለው ድርጅት ደግሞ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ጎበዝ ተማሪዎችን ከእንዲህ ያሉ ኮሌጆች ጋር በሙሉ የአራት ዓመት ድጋፍ ያገናኛል፤ ማመልከቻው የሚዘጋው በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ማለትም ፋፍሳ ገና ሳይከፈት ስለሆነ ብዙዎች ሲሰሙ አልፏል። ኢትዮጵያ ያለ የወንድም ልጅ ቢጠይቃችሁም መልሱ እዚሁ አካባቢ ነው፤ የፌደራል ድጋፍ ባያገኝም ሀርቫርድ፣ የል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት የውጭ አገር ተማሪን አቅሙን ሳያዩ ይቀበላሉ፤ ለተቀበሉትም የጎደለውን ይሞላሉ።

መሐል ላይ ተጠንቀቁ። ስሙ መካከለኛ፣ ዋጋው ከፍተኛ፣ ድጋፉ ግን ትንሽ የሆነ የግል ኮሌጅ ለቤተሰብ ወጥመድ ነው።

6. የድጋፍ ደብዳቤውን ማንበብ

ከማርች ጀምሮ ደብዳቤዎች ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ ኮሌጆች ውሳኔ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው። ደብዳቤው ላይ የማይመለስ ድጋፍ፣ ብድርና የሥራ ዕድል በአንድ ዓምድ ተደርድረው «ድጋፍ» ይባላሉ። እንዲህ ያለ ሁለት ደብዳቤ መጣ እንበል። አንደኛው ኮሌጅ የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 70,000፣ የማይመለስ ድጋፍ 51,000፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ የካምፓስ ሥራ 3,000፣ የወላጅ ብድር 7,000 ነው፤ ከታች በትልቁ «ቀሪ ክፍያ 3,500» ይላል። ሁለተኛው ጠቅላላ ወጪ 30,000፣ የማይመለስ ድጋፍ 14,000፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ «ቀሪ ክፍያ 10,500» ነው። ዓይን የሚሄደው ወደ 3,500ው ነው። እስክሪብቶ ያዙና ከጠቅላላው ወጪ ላይ የማይመለሰውን ብቻ ቀንሱ፦ የመጀመሪያው 19,000፣ ሁለተኛው 16,000 ይሆናል። ርካሽ የመሰለው በዓመት በ3,000፣ በአራት ዓመት በ12,000 ዶላር ይበልጣል። ድጋፉ በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑንና የሚጠበቀውን አማካይ ውጤትም በጽሑፍ ጠይቁ።

ደብዳቤው የመጨረሻ ቃል አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ገቢ ወዲህ ሥራ ከቀረ፣ ሰዓት ከተቀነሰ፣ ወላጅ ከታመመ ወይም ከሞተ፣ ለኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ጽፋችሁ ቁጥሩ እንደገና እንዲታይ ማመልከት ትችላላችሁ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ምን እንደተለወጠ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በወር ስንት ዶላር እንደጎደለ፣ ማስረጃውም ተያይዞ። ለአገር ቤት ወላጆች በየወሩ የምትልኩትን ገንዘብ ቅጹ አይጠይቅም፤ ደረሰኞቹን አያይዛችሁ መጥቀስ ግን ነውር የለውም፤ አንዳንድ ቢሮ ይቀበለዋል፤ አንዳንዱ አይቀበለውም። ከሌላ ተመሳሳይ ኮሌጅ የተሻለ ድጋፍ ከመጣ እሱንም በጨዋ ቋንቋ አሳዩ። እኛ ባህላችን ሆኖ ቢሮ መጠየቅ እንፈራለን፤ እዚህ ግን መጠየቅ የአሠራሩ አካል ነው።

7. ብድር

ቅደም ተከተሉ፦ የማይመለስ ድጋፍ፣ የሥራ ዕድል፣ በተማሪው ስም የሚሰጥ የፌደራል ብድር፤ እዚህ ላይ ቁሙ። ከወላጅ ጋር ለሚቆጠር ተማሪ የፌደራሉ ብድር በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ 7,500 ዶላር ነው። የትምህርቱ ወጪ በዚህ ካልተሸፈነ ኮሌጁ ውድ ነው ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

የወላጅ ብድር የሚባለው ፓረንት ፕላስ በወላጁ ስም የሚጻፍ ዕዳ ነው፤ ልጁ «እኔ እከፍላለሁ» ቢልም በሕግ ተጠያቂው ወላጅ ነው። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ላይ ተገድቧል። ገደቡ ጥሩ ነው እላለሁ፤ በ58 ዓመቱ ፓርኪንግ እየሠራ 100,000 ዶላር የሚበደር አባት ሊጠበቅ ይገባዋል። የባንክ የግል ብድር ላይ ዋስ ሆኖ መፈረምም ከዚሁ አይሻልም።

ወለድ በሃይማኖታቸው የማይፈቀድላቸው ቤተሰቦች የኮሌጁን የክፍያ ዕቅድ ይጠይቁ፤ ብዙ ኮሌጆች የሴሚስተሩን ክፍያ ያለ ወለድ፣ በትንሽ የአገልግሎት ክፍያ፣ በየወሩ ከፋፍለው ይቀበላሉ። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጁ መንገድ ጋር ሲጣመር ዕዳ ሳይኖር መመረቅ ይቻላል።

8. ከገባ በኋላ

ፋፍሳ በየዓመቱ ይሞላል። ይህን የረሳ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ድጋፉ ይቋረጥበታል። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል 12 ክሬዲት ይበቃል፤ በአራት ዓመት ለመመረቅ ግን በሴሚስተር 15 ያስፈልጋል። አምስተኛው ዓመት ከሁሉም ውዱ ነው፤ ብዙ የኮሌጅ ድጋፍ ለአራት ዓመት ብቻ ነውና። ፔል ግራንትም በሕይወት ዘመን ከ12 ሴሚስተር አያልፍም። አማካይ ውጤት ከ2.0 ሲወርድ ወይም ኮርስ እየተቋረጠ ሲበዛ ድጋፉ ሊታገድ ይችላል፤ ልጁ ኮርስ ከማቋረጡ በፊት የገንዘብ ድጋፍ ቢሮውን ይጠይቅ።

አሠሪም ይከፍላል። ሕጉ አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለሠራተኛው ትምህርት ከግብር ነጻ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ ብዙ ሆስፒታሎችና ትልልቅ ድርጅቶች ይህን ያደርጋሉ። ስታርባክስ ከ2014 ጀምሮ ሠራተኞቹን በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት ያስተምራል። ይህ ለልጁ ብቻ አይደለም፤ አገር ቤት ጀምራችሁ ያቋረጣችሁት ዲግሪ ካለ ትራንስክሪፕታችሁን አስገምግማችሁ እናንተም መቀጠል ትችላላችሁ።

በመጨረሻ ግብር። ልጁ በእናንተ ሥር ተመዝግቦ ከሆነ ኦፖርቹኒቲ ክሬዲት የሚባለው ተመላሽ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር፣ ለአራት ዓመት ይሰጣል፤ ከዚህም እስከ 1,000 ዶላሩ ግብር ባይኖርባችሁም በእጃችሁ ይገባል። የገቢ ጣሪያ አለው፤ ባልና ሚስት አብረው ካሳወቁ እስከ 160,000 ዶላር ሙሉውን ያገኛሉ። ኮሌጁ በጃንዋሪ 1098-ቲ የሚባል፣ የትምህርት ክፍያውን የሚያሳይ የግብር ወረቀት ያወጣል፤ በፖስታ ካልመጣ በልጁ የኮሌጅ ገጽ ላይ ይገኛል። ልጁ ቀድሞ በራሱ ግብር አሳውቆ «የማንም ጥገኛ አይደለሁም» ካለ የእናንተ ይሰረዛልና ከማሳወቁ በፊት ተነጋገሩ። ከኮሌጁ ውጭ የተገዙ የኮርስ መጻሕፍትም ስለሚቆጠሩ ደረሰኞቹን በአንድ ፖስታ አጠራቅሙና ግብር ለሚሠራላችሁ ሰው ከ1098-ቲው ጋር አብራችሁ ስጡት።